ድመትም ታብዳለች
(ከጤና ንዑስ ኮሚቴው በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ)



ባለፈው ስብሰባ «ድመት የነከሰችው ሰው መርፌ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ግማሾቻችን «አዎ» ስንል ግማሾቻችን «ድመት ምን አላት?» ብለን ነበር። አጣርታችሁ አቅርቡ ስለተባልን ያገኘነውን ይዘን መጥተናል። መልሱ አዎ ነው።

ለክርክሩ ምክንያት የሆነው የበሽታው ስም ይመስለናል። «የእብድ ውሻ በሽታ» እያልን ስለኖርን ዓይናችን ውሻው ላይ ብቻ ቀረ። ቫይረሱ ግን ውሻን፣ ድመትን፣ ላምን፣ አህያን፣ ጅብን፣ ሰውንም ይይዛል። ድመት ብዙውን ጊዜ የምትያዘው ያበደ ውሻ ወይም የዱር አውሬ ሲነክሳት ነው። ውሻን እናስራለን፤ ድመትን ግን ማን አስሮ ያውቃል? ለአይጥ ብለን ያመጣናት ድመት ሌሊት አጥር ዘልላ የት እንደምታድር አናውቅም። ጠዋት ተመልሳ ምድጃ ዳር ከልጆቻችን ጋር የምትተኛውም እሷው ናት።

ቫይረሱ ያለው በምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ ምራቅ በነካው ጥፍር በመቧጨር፣ ወይም ቁስል ሲላስ ይገባል። ከዚያ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ላይ ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይወስዳል፤ አንዳንዴ በጣም ያጥራል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ቫይረሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። «ቁስሉ ድኗል፣ ልጁም ይጫወታል» ብሎ መተው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የታመመች ድመት ጠባይዋ ይለወጣል። ለማዳዋ ጨለማ ቦታ ትደበቃለች፣ ሳይነኳት ዘልላ ትነክሳለች፣ ድምፅዋ ይቀየራል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል፣ በኋላም እግሯ ይሰንፋል። «አጥንት ተሰነቀራት» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳትከቱ አደራ።

ንክሻ ወይም ጭረት ሲደርስ ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ቢሆንም ይታጠብ። ቡና መነስነስ፣ ቅጠል መለጠፍ፣ በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር አይረዳም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ድሮ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረው መርፌ ስንቱን አስፈርቶ አስቀርቷል! ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ፣ ለሕፃን ደግሞ ጭን ላይ፣ በተወሰኑ ቀናት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ነፍሰ ጡርም የምታጠባም መከተብ ትችላለች። ጸበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ እኛ አንከለክልም፤ መጀመሪያ ግን ክትባቱን ይጀምር።

ድመቷን ገድሎ መጣል ግን አይበጅም። ሳትነካኩ መያዝ ከተቻለ ተዘግቶባት ለ10 ቀን ትታይ። 10 ቀን በጤና ከቆየች በነከሰችበት ዕለት ምራቋ ቫይረስ አልነበረውም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ቀሪውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። ከሞተች ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፤ በሽታው የሚረጋገጠው አንጎሏ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። እስከዚያ ግን የሰውየውን ክትባት ማዘግየት አይገባም።

አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። እናት የምትዘገየው ብዙ ጊዜ ባለማወቅ ሳይሆን የትራንስፖርትና የመርፌ ገንዘብ እስክታገኝ፣ ወይም ባለቤቷ እስኪመጣ ነው። ስለዚህ ለንክሻ ጉዳይ ገንዘብ ያዣችን ስብሰባ ሳትጠብቅ፣ ዋስም ሳትጠይቅ፣ ከመጠባበቂያው እንድታበድር ዛሬ ይወሰንልን።

ድመቶቻችንስ? 3 ወር ከሞላቸው በኋላ ይከተባሉ፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግራችኋል። የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ድመትም ይከተብ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስትወስዷት ክዳን ባለው ቅርጫት ይሁን፤ ታቅፋችኋት ከሄዳችሁ የተሰበሰበውን ውሻ ስታይ ቧጭራችሁ ታመልጣለች።