ነባሩን አካል ሳያጠፉ ማደስ፤ የአሮጌው ላንድሮቨር ጥገና
(በሀዋሳ ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



አንድ አሮጌ ተሽከርካሪ ወደ ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱና መካኒኩ መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ ዋጋ ነው። ከዋጋው አስቀድሞ መመለስ የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም መኪናው ታድሶ ሲወጣ ያው የገባው መኪና ይሆናልን? ወይስ የቀድሞውን ስም ብቻ የያዘ ሌላ ዕቃ? የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ጥያቄውን በላንድሮቨር ምሳሌነት መመርመር ነው።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ኤግዚቢሽን ነበር። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ለአሳቡ መነሻ ያደረገው ከጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር ውጫዊ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን የብረት ላሜራዎች እንደ ሣጥን ተበይደው የተዘጋጀ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አካል ነው። ሁለተኛው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሦስተኛው በ1971 ወጡ። ሀዋሳ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በመሆኑ፣ ከተማይቱና ሁለተኛው ላንድሮቨር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥርጊያ መንገድ ባልነበረበት አገር ባለሙያን ወደ ሥራው ቦታ ሲያደርስ የኖረው አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ነውና፣ የዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ የአገር ሥራ ታሪክ ምስክር ነው።

ምስክሩ እንዳይጠፋ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የሻንሲው ዝገት ነው። ጭቃና ውሃ በቀዳዳዎቹ ገብተው ከውስጥ ስለሚቀመጡ ብረቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ያማረ ሻንሲ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሳይመታ ጤነኛ ነው አይባልም። ሁለተኛው አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሁለቱ ማዕድኖች በእርጥበት ሲገናኙ እንደ ባትሪ ስለሚሠሩ አሉሚኒየሙ እየነጣ ይበላል። በመካከላቸው ውሃ የማያሳልፍ መለያያ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሦስተኛው በሽታ ግን ከመካኒኩ እጅ የሚመጣ ነው። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ብሎንና ዳዶ በኢንች የተለካ ነው። በሚሊሜትር የሚለካ ብሎን በግድ ሲታሠር ስልሳ ዓመት የቆየው ጥርስ በአንድ ደቂቃ ይበላሻል። እንደዚሁም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት ብዙዎቹ የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚታሰር ነበር፤ ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ በዘመኑ ልማድ ገልብጦ ቢያስር የኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

እንግዲህ ምን ይጠበቅ፣ ምንስ ይለወጥ? ስለ ሐውልቶችና ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ማቆም እንዳለበት ደንግጓል። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በቱሪን ቻርተሩ ይህንኑ መንፈስ ወደ መኪና አምጥቶታል። በጋራዥ ቋንቋ ሲተረጎም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ያለውን ማጽዳትና ማቆየት፤ ካልሆነ መጠገን፤ ካልሆነ ከዚያው ዓይነትና ዘመን በተገኘ አሮጌ ዕቃ መተካት፤ ሁሉም ሳይሳካ ሲቀር ብቻ በቶርኖ አዲስ ማሠራት። አዲስ የተሠራውም ዕቃ ምልክት ይደረግበት፤ የወጣውም አይጣል፣ ስሙ ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጥ። የበሰበሰ ሻንሲ ቢሆን እንኳ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ጤነኛ ላሜራ መበየድ እየተቻለ ሙሉውን መለወጥ የመኪናውን አከርካሪ ከነቁጥሩ መጣል ነው።

ይህ ደንብ ግን የሰው ሕይወት ሲነካ ይቆማል። በቀድሞ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ብናኙ ካንሰር የሚያመጣ ስለሆነ ኦሪጅናል ነው ተብሎ አይጠበቅም። የደረቀ የፍሬን ጎማና የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦም እንዲሁ ናቸው። የነዳጁም ጠባይ ተለውጧል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቀርቷል፤ እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ሞተሩ ለጥገና ሲከፈት ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ለውጡ ሞተሩን ያድነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱ፣ በእጅ ያለውን መኪና ይበልጥ ተፈላጊ አድርጎታል። ይህ ሁለት መንገድ ይከፍታል። አንዱ አሮጌውን መኪና ፈታቶ መለዋወጫውን መሸጥ ነው፤ ሁለተኛው በጥንቃቄ ጠግኖ ማቆየት ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ገንዘብ ያስገኛል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለመካኒኩ፣ ለቶርኖ ሠራተኛውና ለላሜራ ቀጥቃጩ ለብዙ ዓመት የሚዘልቅ ሥራ ነው። የሞተሩ ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር በሊብሬ የተመዘገቡ ስለሆኑም፣ ነባሩን ሞተር የጠበቀ ባለቤት ሰነዱና መኪናው ሳይለያዩ ይኖራሉ።

ስለሆነም ለባልደረቦች የሚቀርበው ማሳሰቢያ አጭር ነው። ማንኛውም አሮጌ መኪና ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሳ፤ የተፈታው ሁሉ በደብተር ይመዝገብ፤ የተለወጠው ከምክንያቱ ጋር ይጻፍ። የካርቡራቶርና የባሌስትራ ጥገና በእጃቸው ያለ አንጋፋ መካኒኮች ሥራ ከማቆማቸው በፊት ወጣቶች ከአጠገባቸው ይቀመጡ፤ በከተማይቱ ያሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ በር ቢከፍቱ መልካም ነው። ዕቃው በገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ ዕቃውን ሳያጠፋ የሚፈታ እጅ ግን የሚገኘው በማስተማር ብቻ ነው።