ንግግሯ እስኪመለስ ወንበሯ ይጠብቃት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ)



ዛሬ የምናነሣው በስትሮክ ወይም በጭንቅላት ጉዳት ንግግራቸው ተጎድቶ ወደ ሥራ መመለስ ስለሚፈልጉ እህቶቻችን ነው። በአብዛኞቻችን ቋንቋን የሚመራው የአንጎላችን ግራ ክፍል ነው። እሱ ሲጎዳ ቃል ማግኘት፣ የሌላውን ንግግር መከተል፣ ማንበብና መጻፍ ይከብዳል። ሐኪሞች አፌዥያ ይሉታል። አእምሮዋ ግን እዚያው አለ። ለዓመታት ገንዘብ ያዥ የነበረች እህት ሥራዋን ታውቀዋለች፤ «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ግን አፏ ላይ ደርሶ ይጠፋባታል።

ሥራ ቦታ ላይ ይህ ይብሳል። ስልክ ይጮኻል፣ ባለጉዳይ ይቸኩላል፣ በስብሰባ ሁሉም በአንዴ ይናገራል። ዝም ስትል «አልገባትም» ትባላለች። ሌላ ሰው ይመልስላታል፤ ውሎ አድሮ ሥራዋም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጊዜም ያጥራታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ ቢበዛ 6 ወር ነው፤ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር በግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ። ንግግር ግን ከዚያም በኋላ ሊሻሻል ይችላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ሥራውን እንዲያመቻቹላቸው ያዛልና፣ ይህን መብት አውቀን እንጠይቅ።

እኛስ ምን እናድርግ? ልምምዱን ሳይጠፋ ከሚቀረው እንጀምር፤ ቁጥር መቁጠር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ ጸሎትና ዘፈን ብዙ ጊዜ ቀለል ብለው ይመጣሉ። ቀጥሎ የሥራዋን አሥር ቃላት በካርድ እንጻፍላት። ከዚያ አንዳችን ደንበኛ ሆነን እንደዋወል። «እባክዎ ይታገሡኝ፣ ቃል እየፈለግሁ ነው» ማለትን ትልመድ። ቃሉን እኛ አንቀማት፤ እንጠብቃት። ካስቸገራት «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልለትን ጥያቄ እንጠይቃት። የስብሰባ አጀንዳም አስቀድሞ በጽሑፍ ይድረሳት።

ይህ ሁሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያን አይተካም። ባለሙያ ጋ መመላለስ ደግሞ የታክሲ ገንዘብ፣ አብሯት የሚሄድ ሰውና ቤቷን የሚጠብቅላት ይፈልጋል። ደጋፊዎቻችን በመጀመሪያው፣ እኛ አባላት በሁለቱ ብንተባበር የሚያቅተን አይሆንም። አሠሪዎችንም በግማሽ ቀን ጀምራ ቀስ በቀስ እንድትመለስ እንዲፈቅዱላት አብረናት ሄደን እንጠይቅ። ብቻዋን ብትሄድ የምታስረዳበት ቃል ያጥራታልና።