ጥያቄው በማን እጅ ይሁን? ስለ ክፍል ክለሳና ስለ ጥያቄና መልስ ጨዋታ




ለዚህ ንግግር የተመረጠው ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚበቃ መስሎ ላይታይ ይችላል፤ ጨዋታ ነውና። ይሁን እንጂ ጨዋታው በክፍል ውስጥ ለክለሳ የሚውል፣ ጥያቄዎቹንም መምህሩ እንደ ክፍሉ ሁኔታ ሊለዋውጣቸው የሚችል ሲሆን ነገሩ የመሣሪያ አሠራር ጉዳይ ይሆናል። መሣሪያ ደግሞ የዚህ ማኅበር ሥራ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመገመት ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበሩ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከዚህም የተነሣ ክለሳ የሚለው ቃል ትርጉሙ ሰፍቷል። ቀድሞ የተማሩትን ማስታወስ ነበር፤ አሁን ግን ምን እንደ ቀረ ማወቅም ጭምር ሆኗል። ጨዋታ ይህን ሁሉ ይፈውሳል ማለት ቀልድ ነው። ነገር ግን የቀረውን ለይቶ ለማሳየት ርካሽና ፈጣን መንገድ ከተገኘ መመርመሩ አይጎዳም።

የጥያቄ ጨዋታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ማታ ከምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል መልስ እየሰማ ያላደገ አባል በዚህ አዳራሽ ብዙ አይኖርም። የዚያ ጨዋታ ሕግ በጥሞና ቢመረመር ዛሬ በኮምፒዩተር ከሚዘጋጁት ብዙዎቹ የጎደላቸውን ይዞ ይገኛል። ጠያቂው ጥያቄውን ራሱ ይመርጣል፤ ለተጠያቂው ዕድሜና ዕውቀት እንዲስማማ አድርጎ ያከብደዋል ወይም ያቀልለዋል። ተጠያቂው እስኪያስብ ይጠበቃል። ያልቻለ እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም አንድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይገዛል፤ ጠያቂው የተሰጠውን አገር ካልወደደው ሌላ ያስመርጣል። መልሱ ያለ ዋጋ አይነገርም፤ ሳይነገርም አይቀርም። ተሸናፊው አገሩን ቢያጣም መልሱን ይዞ ይተኛል፤ በማግሥቱም ያንኑ እንቆቅልሽ ለሌላ ልጅ ያቀርባል። በጎጃም የቅኔ ቤቶችም፣ ስሟ በተለይ በሚነሣው በዋሸራም ጭምር፣ ተማሪው ቅኔውን በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል እንጂ የዓመቱ መጨረሻ አይጠበቅም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ሲወርስ ግን አንድ ነገር ጥሎ ነው። በወላጆች ቀን የሚዘጋጀው የጥያቄና መልስ ውድድር ለሁሉ የታወቀ ነው። ከየክፍሉ ሁለት ወይም ሦስት ጎበዞች ተመርጠው መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ደወል ይደወላል፤ ደብተርና መዝገበ ቃላት ይሸለማል፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ። በዓሉን ያደምቃል፤ ለክለሳ ግን አይረባም። ከመድረኩ የሚገኘው ዜና ጎበዞቹ ጎበዞች መሆናቸው ነው፤ ይህም ቀድሞ የታወቀ ነበር።

መጠየቅ ለምን ያስተምራል ለሚለው በቂ ጥናት አለ። በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ አንደኞቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ካነበቡ በኋላ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲመዘኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ከመቶ አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ የማወቅን ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ሳምንት አይቆይም። ሌሊቱን ደብተሩን ሲያገላብጥ አድሮ ፈተና የገባ ሁሉ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ሌላ አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት መምህራን ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹም መልስ ረዘመ፤ ሐሳቡም ጎለመሰ።

በመሣሪያ የመጠየቅ ሙከራም ከመቶ ዓመት ያልራቀ ዕድሜ አለው። ሲድኒ ፕሬሲ የተባሉ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት የሠሩት መሣሪያ አራት ቁልፎች ነበሩት፤ ትክክለኛው ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዳያልፍ ሆኖ ሊስተካከል ይችል ነበር። ትክክል ለመለሰ ከረሜላ የሚያወጣ ተጨማሪ ክፍልም ተሠርቶለት ነበር። ከረሜላው ዛሬ ነጥብና ሙዚቃ ሆኗል፤ ሌላው ብዙ አልተለወጠም።

በኢትዮጵያ በዚህ መንገድ የታየው ታላቅ ሙከራ ፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። የምህንድስናው ሥራ ክብር የሚገባው ነው፤ መብራትና መንገድ ባልተሟላበት አገር ምስሉን ከየክፍሉ ማድረስ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ፕላዝማው ሲጠይቅ ጊዜውን የሚቆጥረው ሳተላይቱ ነበር። ጥያቄው ይቀርባል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ይሰጣሉ፤ መልሱ ይነገራል፤ ክፍሉ ገና ጥያቄውን በመተርጎም ላይ ነው። መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊደግመው፣ ሊያቃልለው አይችልም። በእንቆቅልሹ ሕግ ሲታይ አገር ሳይሰጥ መልሱ ተነገረ ማለት ነው።

መምህሩ የሚለውጠው ጨዋታ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው «ጄፓርዲ» የተባለው ውድድር በየርእሱ ሥር እንደ ክብደታቸው የተደረደሩ ጥያቄዎች ያሉበት ሰሌዳ አለው። መምህራን ይህን ሰሌዳ በፓወር ፖይንት እየሠሩ ባዶ ሣጥኖቹን በራሳቸው ጥያቄ ሞሉ። የኖርዌዩ «ካሁት» እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ጥያቄው በግድግዳ ላይ፣ መልሱ በየተማሪው ስልክ ላይ ሆነ። የሁለቱም ታላቅ ዋጋ ጥያቄው በመምህሩ እጅ መሆኑ ነው። ሆኖም ከኖርዌይ የመጣው መሣሪያ እንዳለ ተወስዶ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአዲስ ቅዳም ከተማ ቢተከል ምን ይገጥመዋል?

የስልክና የኢንተርኔት ነገር ግልጽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበርና በኢንተርኔት ላይ የቆመ ጨዋታ ያን ጊዜ ምን ይሆን እንደ ነበር ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ሁለተኛው እንቅፋት ነው፤ ይኸውም ቀድሞ የመለሰ የበለጠ ነጥብ ማግኘቱ ነው። በቤቱ አውንጊ፣ በገበያው አማርኛ የሚናገር፣ የመጀመሪያ ክፍሎችን በአውንጊ ተምሮ በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ጥያቄውን አንብቦ እስኪረዳ የሚያልፈው ጊዜ የስንፍና ጊዜ አይደለም። በሴኮንድ የሚለካ ጨዋታ ግን የቋንቋውን መንገድ ርዝመት እንደ ኬሚስትሪ ዕውቀት ጉድለት ይቆጥርበታል። አንድ መሣሪያ ሊለካ የተሠራበትን ትቶ ሌላ ነገር ሲለካ መሐንዲሱ ዝም ሊል አይገባውም።

አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው እርሻ ባለፉት ዓመታት በብዛት ወደ ዲከረንስ ደን ተለውጧል፤ ገበሬው ዛፉን ተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጠ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም በጭነት መኪና ወደ ሩቅ ከተሞች ይሄዳል። አሁን አንድ የኬሚስትሪ መምህር ስለ ቃጠሎ ሲያከልስ የመጽሐፉን ምሳሌ ትቶ «የከሰል ክምር ለምን በአፈር ይሸፈናል?» ብሎ ይጠይቅ እንበል። አማራጮቹ ሙቀቱ እንዳይወጣ፣ አየር አንሶት እንጨቱ ዐመድ እንዳይሆን፣ ጭሱ እንዳይታይ፣ እሳቱ ቶሎ እንዲያልቅ የሚሉ ናቸው። ሙቀቱ እንዳይወጣ ያለው ልጅ ክምሩን በዐይኑ ያየ፣ ግማሹንም እውነት የያዘ ነው፤ የጎደለው ስለ ኦክስጅን ያለው ዕውቀት ነው። ጭሱ እንዳይታይ ያለው ግን ገምቷል። ሁለቱም በነጥብ ዜሮ ናቸው፤ ለመምህሩ የሚነግሩት ግን የተለያየ ነው። ቀጥሎም መቶ ኪሎ እንጨት ሃያ ኪሎ ከሰል ቢሰጥ ሰማንያው ወዴት ሄደ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቁስ አይጠፋም የሚለው ሕግ ከመጽሐፍ ወርዶ ከአባቱ ማሳ ላይ ይቆማል።

ባዮሎጂውም እንዲሁ ነው። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ አተር በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር የሚያስገባ ተክል ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ በአካባቢው ዲከረንስ ላይ ጉዳት አድርሷል። «ገበሬው ለምን ይህን ዛፍ ይተክላል?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ስለ አፈርና ስለ ገቢ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ዐይነት ዛፍ ላይ መመካት ስለሚያስከትለው አደጋም ሆኗል። በአዲስ አበባ ወይም በኦስሎ ተቀምጦ የጥያቄ መዝገብ ያዘጋጀ ሰው ይህን ለውጥ አይሰማም። የአዲስ ቅዳም መምህር ግን መሣሪያው ከፈቀደለት በአንድ የዕረፍት ሰዓት ሊያስተካክለው ይችላል።

እርግጥ መምህሩ የሚያወጣው ጥያቄም ስሕተት ሊኖርበት ይችላል። ከዚህም በላይ አምስትና ስድስት ክፍል ለሚያስተምር ሰው በየሳምንቱ ዐሥር ጥሩ ጥያቄ ማውጣት ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ ባዶ ሰሌዳ ብቻ መስጠት ማገዝ አይባልም። ሊነካካ፣ ሊታረምና ሊቀነስ የሚችል የተዘጋጀ ስብስብ ቢሰጠው፣ የእንጅባራ፣ የዳንግላና የአዲስ ቅዳም መምህራንም ያረሙትን በሚሞሪ ካርድ ቢለዋወጡ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል።

ስለ ቁጥሩም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ ቢቀርብ፣ ማንም ምንም ባያውቅ እንኳ 12 ወይም 13 ያህሉ በዕድል ያገኙታል። «እውነት ወይስ ሐሰት» የሚል ከሆነ 25 ያህሉ። እንግዲህ 14 ሰው አገኘ የሚለው ውጤት ብቻውን ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። 35 ተማሪዎች አንዱን የተሳሳተ አማራጭ በአንድነት መረጡ የሚለው ግን ታላቅ ዜና ነው፤ ክፍሉ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ በጋራ ይዟል ማለት ነውና የነገው ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ በትልቁ ሊታይ የሚገባው የአሸናፊው ስም ሳይሆን ይህ ሥርጭት ነው።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስለመዱት ዘዴ በዚህ ላይ ይጨመራል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ለየራሳቸው ይመልሳሉ፤ መልሱ ሳይነገር ከጎረቤታቸው ጋር ይከራከራሉ፤ ከዚያም እንደገና ይመልሳሉ። በአዲስ ቅዳም ክርክሩ በአውንጊ ቢሆን ፊዚክሱ አይጎዳም፤ እንዲያውም የእንግሊዝኛው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ የሚገለጠው እዚያ ላይ ነው።

የሁሉንም መልስ ለመሰብሰብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ስልክ መግዛት ግድ አይደለም። «ፕሊከርስ» በተባለው ዘዴ እያንዳንዱ ተማሪ ለእሱ ብቻ የሆነ ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ይይዛል፤ ወረቀቱ በአራቱ ጎኑ ሲዞር አራቱን አማራጮች ይሰጣል፤ መምህሩም በአንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የሁሉም መልስ ይመዘገባል። ቅርጾቹ የተለያዩ ስለ ሆኑ የጎረቤትን ወረቀት አይቶ መገልበጥ ያስቸግራል። ብልኃቱ ያለው ከወረቀቱ ላይ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ክፍል የሚስማማውም ይህን የመሰለ አሠራር ነው። የማኅበሩ አባላት እንደዚህ ያለ ነገር በአማርኛና በአውንጊ ቢሠሩ፣ ያለ ኢንተርኔት በርካሽ ስልክ የሚሠራ፣ ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግለውን «ጘ»ን ሳይቀር የሚቀበል፣ የመጠበቂያውን ጊዜ መምህሩ የሚወስንበት፣ ለፍጥነት ነጥብ የማይሰጥ ሊሆን ይገባዋል።

መብራት በጠፋና የስልኩ ባትሪ ባለቀ ቀንም ክለሳው አይቆምም። በአራት ማዕዘን ካርቶን አራቱ ጎኖች ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይጻፋል፤ ተማሪዎቹ «አንሡ» ሲባሉ እኩል ያነሣሉ፤ መምህሩ በዐይኑ ቆጥሮ አራቱን ቁጥሮች በጥቁር ሰሌዳው ጥግ ይጽፋል። ክፍሉ የሳተው ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ተገልብጦ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ክለሳ የሚጀምረው ከዚያ ሣጥን ነው፤ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከክፍሉ አብዛኛው በትክክል የመለሰው ጥያቄ ብቻ ከሣጥኑ ይወጣል።