«ይማርልሽ» ብቻ አይበቃም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው የመርሳት በሽታ ስለያዛቸው ወላጆቻችን ብቻ ሳይሆን፣ ቀንና ሌሊት ስለሚያስታምሟቸው ልጆችና የትዳር ጓደኞች ነው።

ይህን ሕመም «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚብስ፣ እስካሁንም ፈዋሽ መድኃኒት ያልተገኘለት የአንጎል በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ቀድሞ ይጠፋና አማርኛው ይቀራል። ያን ጊዜ ልጅ አስታማሚም፣ አስተርጓሚም፣ የሌሊት ዘበኛም ትሆናለች።

እኛ ደግሞ ቡናዋን ጠጥተን «እግዜር ይማርልሽ» ብለን እንወጣለን። በሩ ሲዘጋ ብቻዋን ትቀራለች። እናትየው ከዚህ ዓለም ሲለዩ ሦስት ቀን ለቅሶ የምንቀመጥ ሰዎች፣ በሕይወት ሳሉ በሳምንት ሦስት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠን ልጅቱ ጥቂት እንድትተኛ ብናደርግ ምን ነበረበት?

የአስታማሚ ድካም እንዲታወቅ እዚህ አገርም ትግል ጠይቋል። በብሪታንያ የአስታማሚ አበል እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀመር፣ ከባሏ ጋር የምትኖር ሴት «ድሮም ቤት ነው የምትውለው» ተብላ አበሉን ተከልክላ ነበር። እናቷን ለማስታመም ሥራዋን የተወች ዣክሊን ድሬክ የተባለች ሴት መብቷን ጠይቃ፣ በ1986 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደላት።

ዛሬ በእንግሊዝ፣ በ2014 በወጣው የእንክብካቤ ሕግ መሠረት፣ አስታማሚ የራሱ ችግር በካውንስል እንዲጠናለት መብት አለው። ልጆቻችን ግን «እኔ ልጅ ነኝ እንጂ አስታማሚ አይደለሁም» እያሉ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። አስታማሚ መባል ልጅነትን አያስቀርም። ስለዚህ ለጂፒያችሁ ነግራችሁ አስታማሚ ተብላችሁ ተመዝገቡ፤ ካውንስሉንም ጠይቁ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዛሬ ሳንበተን የተራ መዝገብ እንክፈት። የሚችል ሰው በሳምንት ሦስት ሰዓት ይስጥ። አማርኛ ማውራትና ቡና ማፍላት ለሁላችን የተሰጠ ሙያ ነው። ችግራቸውን ደብቀው የተቀመጡ ቤተሰቦችም ሳያፍሩ ይንገሩን።

መዝገቡ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ስም እኔ ጽፌያለሁ።