ፕሮግራሙ ሳይወጣ ፋይላችሁ ይፈትነው



የብራና መጽሐፍ ገልጦ የሚያይ ሰው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ አንዳንድ ጊዜ አንዲት አጭር ጽሕፈት ያገኛል። «ፍትነተ ብርዕ» ትላለች፤ የብርዕ ሙከራ ማለት ነው። ቁም ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ ቀለሙን ከበጠበጠ በኋላ፣ ብርዑ እንዳይወፍርበት ቀለሙም እንዳይፈስስበት በአንድ ሁለት ቃል ይሞክረዋል። ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ ሙከራው የሚደረገው በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ አይደለም፤ ብርዑ በሚሠራበት በብራናው ላይ ነው። ቆዳው ቀለሙን እንዴት እንደሚቀበል ሊታወቅ የሚችለው ከቆዳው ብቻ ነውና።

ዛሬ ልናገርበት የፈለግሁት ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን ባለው ኮምፒዩተር ደብዳቤ የምንጽፍበት፣ ደመወዝ የምናሰላበትና መዝገብ የምንይዝበት ፕሮግራም በየጊዜው ይታደሳል። አዲሱ ዕትም ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ብዙዎቹ ሠሪዎች «የሙከራ ዕትም» የሚሉትን አስቀድመው ያወጡና ፈቃደኛ የሆነ ሰው እንዲሞክረው ይጠይቃሉ። ከጥያቄያቸው መካከል ብዙዎቻችን አይተን እንዳላየ የምናልፈው አንድ አለ፤ እርሱም ተጠቃሚው ራሱ ያዘጋጃቸውን፣ በየቀኑ የሚሠራባቸውን ፋይሎች እንዲሰጥና ፕሮግራሙ በእነዚያ እንዲፈተን የሚጠይቀው ነው። የእኔም የዛሬ ልመና ይኸው ነው። ከፋይሎቻችሁ ጥቂቱን፣ የሰው ምሥጢር ከውስጡ አውጥታችሁ፣ ስጡ።

ሠሪዎቹ የራሳቸው ፋይል የላቸውምን? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አላቸው። ነገር ግን ሠሪው ለሙከራ ብሎ የሚያዘጋጀው ጽሑፍ ንጹሕ ነው፤ ሠንጠረዡ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ አንድ ዐይነት፣ ቀኑም በእርሱ አገር አቈጣጠር የተጻፈ ነው። የእኛ ፋይል ግን ከብዙ ዓመት በፊት ተጀምሮ በአምስት በስድስት ሰው እጅ ያለፈ፣ አርማና ማኅተም የተለጠፈበት፣ ግማሹ በአንድ ዐይነት ፊደል ግማሹ በሌላ የተጻፈ ነው። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ባዶውን ሲሆን ሁሉም ደኅና ይንሳፈፋል፤ ማገዶ ተጭኖበት ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፉት ነው የላላው ማሰሪያ የሚታወቀው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቆየ የራዲዮ ንግግር እንደ ገና እንዲነበብ ታዝዞ ጽሑፉን ከኮምፒዩተሩ ማኅደር አወጣሁት። ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ምልክት ተደባልቆ እንደ ተልባ ተዘርቶበታል። ማንበቢያው ሰዓት ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በጽሕፈት ሥራ ያረጁ አንዲት እናት ከኋላዬ ቆመው አዩትና «ልጄ፣ ይህ በድሮው ፊደል የተጻፈ ነው፤ ማሽኑ ፊደሉን አጥቶት ነው» አሉኝ። በመሳቢያቸው ካኖሩት ቅጂ እያዩ እንደ ገና ጻፉልኝ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ በማይክሮፎኑ ፊት የምናገረው አልነበረኝም። ወረቀት የሚንቅ ወጣት ባየሁ ቍጥር እኚያን እናት አስታውሳለሁ።

የዚህ ብልሽት ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በመጡበት ዘመን ኮምፒዩተሩ ለአማርኛ ፊደል የተመደበ ስፍራ አልነበረውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በብልኀት የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ስፍራ ላይ አለበሱት። ስፍራው ከ256 የማይበልጥ፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነቍጥሩና ከነምልክቱ ከዚህ የሚበዛ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት በሦስት ስብስብ ከፈለው፣ አንዳንዱም ከቅርጽ ቍራጭ አገጣጠመው። ዐይናችን «ለ» ቢያይም ማሽኑ በውስጡ የሚያውቀው ላቲኑን ነው። ልብሱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የላቲኑ ገላ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል የራሱን ቍጥር አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈው በደኅና ይነበባል። ከዚያ በፊት የተጻፈው፣ ከዚያም በኋላ በልማድ በድሮው መንገድ የተጻፈው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ተከማችቶ አለ። ይህን ወደ አዲሱ ለመለወጥ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው እያንዳንዱ የድሮ ፊደል በእውነተኛ ደብዳቤ ላይ እንዴት እንደ ዋለ ካላየ፣ የትኛው ቍራጭ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም በግምት ይሠራል።

ፊደሉ ቢስተካከልም ሥራው አላለቀም። የወር መምረጫው 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ በጳጉሜን የተወለደውን ሰው ምን ያደርገዋል? በጀታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰዓታችን ከጧት ይቈጠራል፤ ሰው የምንጠራው በራሱ ስም እንጂ በአያቱ ስም አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሞክሼ ፊደሎች ነገር ነው። አንድ ጡረተኛ በቀድሞው መዝገብ «ዓለማየሁ» ተብለው ተመዝግበው ይሆናል፤ ማመልከቻቸውን የጻፈላቸው ልጅ «አለማየሁ» ብሎታል። መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሳያስብ ያውቃል። ማሽኑ ግን ካልተማረ በቀር «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላል። ጡረተኛው በመስኮቱ ፊት ቆመው ሳለ የለም መባላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ስሕተት ፕሮግራሙ ሳይወጣ ሊያሳይ የሚችለው «ዓ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» የተደባለቁበት የእናንተ የስም ዝርዝር ነው።

እውነተኛ ጽሑፍ ከተሠራ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚለይ በዚሁ በባሕር ዳር ሰዎች ሥራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የጀርመን አገር የካይዘርስላውተርን ተመራማሪዎች አብረው፣ ኮምፒዩተር የታተመ አማርኛ ከሥዕል ላይ እንዲያነብ የሚያስተምር ስብስብ አወጡ። ስብስቡ የ337,337 የጽሑፍ መስመሮች ሥዕል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከእውነተኛ የታተመ ወረቀት የተወሰዱት 40,929 ናቸው፤ ከመቶ 12 ያህል ማለት ነው። የቀሩት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተሩ በራሱ የተሠሩ ናቸው። ማሽኑ ሲፈተን በተሠሩት መስመሮች ላይ የሳተው ፊደል ከመቶ 5 አልደረሰም፤ ከወረቀት በተወሰዱት ላይ ግን ከመቶ 8 በላይ ሳተ። ተመራማሪዎቹን መንቀፌ አይደለም፤ ይልቁንም ልዩነቱን ሳይደብቁ በቍጥር ማስቀመጣቸው የሚያስመሰግን ነው። እኔ የምለው፣ ማሽን ለማሽን በሠራው ጽሑፍ ላይ ጐበዝ የሆነ ፕሮግራም በእኛ ወረቀት ላይ ሲደርስ እንደሚደናቀፍ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ልመና የተለመደ ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለውን፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል አዲስ ዕትም ያወጣል፤ ከእያንዳንዱም በፊት የሙከራ ዕትም ይቀርባል። ተጠቃሚው ፋይሉ ሲበላሽበት ከአቤቱታው ጋር ፋይሉን ያያይዛል። ሠሪዎቹም እንዲህ የተሰበሰቡትን በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ፋይሎች ደጋግመው በማሽን እያስከፈቱ፣ ትናንት ይከፈት የነበረው ዛሬ እንቢ እንዳይል ይመረምራሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሰጣችሁት ፋይል የሚያገለግለው ለአንድ ዕትም ብቻ አይደለም፤ ስብስቡ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚመጣው ዕትም ሁሉ በእርሱ ፊት ያልፋል። ከእኛ በኩል ምንም ካልተሰጠ ደግሞ የሚያልፈው በሌሎች አገሮች ደብዳቤ ፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከእናንተ መካከል «የመንግሥት ፋይል ለውጭ ሰው ስጡ የሚለን ይህ ሰው ምን ነካው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እንዲህ የሚለውም ትክክል ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ዘንድ ከአቤቱታ ጋር የተያያዘ ፋይል ለዓለም ሁሉ የሚታይ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ መልሱልኝ ቢሉ አይመለስም፤ ሌላ ሰው ገልብጦት ይሆናልና። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የባለጉዳይ ስም፣ የሕመምተኛ ካርድ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ለሙከራ ተብሎ አይሰጥም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ነገር ግን መጽሐፉን ሳይሰጡ መልኩን መስጠት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም ባነሡ ጊዜ ብራናዎቹ ከደሴቱ አልወጡም፤ የሄደው ፊልሙ ነው። እኛም የምንሰጠው ቅጂ ነው፤ ያውም ውስጡ የተለወጠ ቅጂ።

አለዋወጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስም ለመደበቅ ብሎ ሁሉንም በነጥብ ወይም በመስቀል ምልክት የሸፈነ ሰው፣ ምሥጢሩን ብቻ ሳይሆን ሊፈተን የሚገባውን ነገርም አጠፋው። ስሙን በሌላ ስም ተኩት፤ «ፀሐይ» የነበረውን በ«ፀ» በሚጻፍ ሌላ ስም፣ አራት ፊደል የነበረውን በአራት ፊደል ለውጡት። ቀኑንም በሌላ የኢትዮጵያ ቀን ለውጡት እንጂ ባዶ አታድርጉት። የመታወቂያና የስልክ ቍጥር በማንም ባልሆነ ቍጥር ይተካ። በሌላው በኩል ፋይሉን ለእንግዳ እንደሚያቀርቡት ቤት አታጽዱት። የጠመመው ሠንጠረዥ ጠሞ ይቅር፤ በድሮው ፊደል የተጻፈው ራስጌ እንዳለ ይሁን። ብልሽቱ ያለው እዚያ ነውና። ወደ ፒዲኤፍ ለውጣችሁ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አትላኩ፤ ያ የፋይሉ ጥላ ነው፤ ሠሪው የሚፈልገው ፋይሉን ራሱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፋይል ለዐይን የማይታይ ነገር በሆዱ ይይዛል፤ የጸሐፊው ስም፣ የእርማት መዝገብ፣ ተሰረዘ የተባለ ነገር ግን ከእርማቱ ሥር የተቀመጠ ዐረፍተ ነገር። ከላይ ስሙን ለውጣችሁ የቀድሞው ስም ከሥር ቢቀር ድካማችሁ ከንቱ ነው። ስለዚህ እርማቶቹን ሁሉ አጽድቃችሁ የፋይሉን መግለጫ ካጠፋችሁ በኋላ አዲሱን ቅጂ ደግማችሁ ክፈቱና የቀድሞውን ስም ፈልጉበት። ከዚያም ለክፍል ኀላፊያችሁ አሳዩና ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፈቃድ ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ ባዶውን ወስዳችሁ በፈጠራ ስም ሙሉት። የመሥሪያ ቤታችሁ የኮምፒዩተር ባለሙያም የሙከራውን ዕትም በአንድ ትርፍ ኮምፒዩተር ላይ ይጫንላችሁ እንጂ በምትሠሩበት ላይ አይሁን፤ ያልወጣ ፕሮግራም የእውነተኛ ሥራ አደራ አይጣልበትም።

እኔም ከማውራት ብዬ አንድ አዘጋጅቻለሁ። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ነው፤ ራስጌው በድሮው ፊደል፣ ሆዱ በአዲሱ የተጻፈ። በውስጡ የፈጠርኋቸው አሥር ሠራተኞች አሉ። ሦስቱ ስማቸው በአንዱ ዓምድ በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» የተጻፈ ነው። ከሰባቱ አንዱ ጳጉሜን 6 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደ ነው፤ ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን መሆኗን የማያውቅ ፕሮግራም ይህን ሰው አልተወለደም ይለዋል። ፈቃዱንም የሚጠይቀው ከነሐሴ 28 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 3 ቀን ነው፤ ስንት ቀን እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ይቍጠርለት።