መንገደኛና ቤተ ሰቡ ስለ መላላካቸው የተሰጠ ንግግር



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የመንገድ በሮች ናቸው። በሰበታ ወደ ጅማ፣ በቡራዩ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ፣ በሱሉልታ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይኬዳል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የመንገድ በር መሆናቸው አልቀረም። ስለዚህ በዚህ አገር የሚኖር ቤተ ሰብ ወይ ልጁን ወደ ሩቅ ይሸኛል፤ ወይ ከሩቅ የመጣውን ይቀበላል። ዛሬ ልናገር የወደድሁት መንገደኛው ስልክ ወደማይሰማበት ስፍራ ሲገባ ከቤተ ሰቡ ጋራ እንዴት ሊላላክ እንደሚገባው ነው።

ሰውን የሚጎዳው ክፉ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የወሬ መጥፋት ይብሳል። ክፉ ወሬ የደረሰበትን ሰው ዘመድ ተሰብስቦ ያጽናናዋል። ወሬ የጠፋበት ሰው ግን ከሐዘንተኞች አይቈጠርም፣ ከደስተኞችም አይገባም፤ ሌሊቱን ሙሉ የውሻ ጩኸት እየሰማ ያድራል። ይህንን ጭንቀት መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት በጥቂት ቃል ሊያቀልለው ይችላል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የተባለው ለዚህም ነው።

መሣሪያውስ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን አቋቋሙ። በዘመናቸውም ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓለም የፖስታ ኅብረት ገባች። በ1971 ዓ.ም. በዚሁ በሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ ተከፈተ። በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን በየዘመኑ መሣሪያው ከሚያልቅበት ወዲያ መልእክቱን የሚያደርስ ሰው ነበረ። ደብዳቤ በየቤቱ አይታደልም ነበርና፣ የገጠር ሰው ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን በኩል ይመጣ ነበር፤ ተቀብሎ የሚያነበውም ብዙ ጊዜ መምህሩ ወይም ቄሱ ነበረ።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ሁለት ነገር ያስረዳናል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሄዱ፣ ስልክ በማይገኝበት መንደር የገቡት ብዙዎች ነበሩ። ደግሞም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ስልክ ተቋርጦ፣ ብዙ ቤተ ሰብ የልጁን መኖር ሳያውቅ ወራት አሳለፈ። በዚያን ጊዜ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋራ ሆኖ፣ የተለያዩ ዘመዶችን ያገናኝ ነበር። የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው ሳይታሸግ የሚላክ አጭር ወረቀት ነው፤ ከቤተ ሰብ ወሬ በቀር ሌላ አይጻፍበትም። «ደኅና ነኝ፤ በዚህ ስፍራ አለሁ» የምትል አንዲት ቃል ከብዙ ገጽ ይልቅ ዋጋ እንዳላት ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ከቤተ ሰቡ ጋራ በሦስት ነገር ይስማማ።

አንደኛ፣ በቀን። «ስደርስ እደውላለሁ» ማለት አይበቃም። «ቅዳሜ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት እደውላለሁ፤ ባልደውል መስመር አጥቼ ነውና እስከሚመጣው ቅዳሜ አትስጉ፤ ሁለት ቅዳሜ ካለፈ ግን ጠይቁ» ይበል። ዝምታው አስቀድሞ ትርጓሜ ከተሰጠው አያስጨንቅም፤ ከልክ ሲያልፍም መፈለጊያው ጊዜ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ በሰው። ከሚሄድበት አገር የአንድ መምህር፣ የነጋዴ ወይም የሾፌር ስልክ ቍጥር ለቤተ ሰቡ ይተው። ቍጥሩ በወረቀት ይጻፍ፤ የስልኩ ኃይል ባለቀ ጊዜ በስልኩ ውስጥ ያለው ቍጥር አይረዳምና።

ሦስተኛ፣ በአላላክ። መስመር በደከመበት ስፍራ ድምፅ ባይሰማ አጭር ጽሑፍ ሊያልፍ ይችላል፤ የተቀባዩ ስልክ ቢዘጋም እስኪከፈት ይቆይለታል። ስልክ መስመር ሲፈልግ ኃይሉን ይጨርሳልና፣ መንገደኛው ዘግቶት ይዋል፤ በተቀጠረው ሰዓት ከፍ ካለ ስፍራ ወጥቶ ይክፈተው።

ደብዳቤ ለሚጽፍም የቀደመው ሥርዓት ዛሬም ይጠቅማል። አባቶቻችን ከሰላምታ ቀጥለው የጤናን ነገር ይጽፉ ነበር፤ አንባቢው አስቀድሞ የሚፈራው እርሱን ነውና። በመጨረሻም የተጻፈበትን ቀንና አገር ያኖሩ ነበር። ቀን የሌለው ደብዳቤ «ደኅና ነኝ» ቢልም መቼ ደኅና እንደ ነበረ አይታወቅም።

አሁን ወደ እናንተ ወደ መምህራን እመለሳለሁ። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ በብሬል ፊደል ቢጽፍ እናቱ ልታነበው አትችልም፤ አንዱ በተለመደው ፊደል ይገለብጥለታል፣ ሌላው በመንደሩ ያነብላታል። የልጁ ቃል በሁለት ሰው እጅ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ የሰው ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አይጨምር፣ አይቀንስ፣ ያነበበውንም በጎረቤት አይዝራ። አንባቢው ካልታመነ ልጁም እውነቱን መጻፍ ይተዋል፤ ችግሩን ይሸሽጋል፤ ከዚያ በኋላ መላላክ ቢኖርም መተዋወቅ አይኖርም።

ለሽማግሌዎችም አንድ ነገር አለኝ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ በመሄድ ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ስልክ ይህንን ሥርዓት አያፍርስብን። በሩቅ አገር ብቻውን ላለ ልጅ የአባቱን ሞት በድንገት አትንገሩት። አስቀድሞ ወደ ተወው ቍጥር ደውሉ፤ ከአጠገቡ ሰው ይቁምለት፤ ከዚያ በኋላ ይነገረው።

በየትምህርት ቤቱም አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ወደ ሩቅ የሄደው ሰው ስም፣ የሄደበት አገር፣ የቀጠረው ቀን፣ የተወው ቍጥር ይጻፍበት፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ለሌላ ሰው አይገለጥ። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። የቀጠሮው ቀን አልፎ አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤቱ በመጣች ጊዜ ግን፣ መምህሩ «አላውቅም» ከማለት ይልቅ መዝገቡን ገልጦ የሚደወልበትን ያገኛል።

እግዚአብሔር መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን።