ስለ ጉበትና ስለ ዘር ምርመራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እዚህ ሉማሜ በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ጉበቱን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የጤነኛው መልክ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። የሰውም ጉበት እንዲሁ ነው፤ ስብ ሲጠራቀምበት ግን ወደ ቢጫነት ያደላል። ስቡ ከመቶ 5 እጅ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ሐኪሞች «የሰባ ጉበት» ይሉታል። ይህ ደዌ ለብዙ ዘመን ሕመም ሳያሰማ ይቆያል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ጉበቱ ጠባሳ እየሆነ ይጠነክራል፥ እስከ ነቀርሳም ይደርሳል። መጠጥ የማይቀምሰውን ሰው እንኳ ይይዛል።

ታዲያ ሁለት ሰዎች እኩል እየበሉ አንደኛው ብቻ ስለ ምን ይታመማል? በ2008 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ዶክተር ሔለን ሆብስና የሥራ ጓደኞቻቸው ፒ.ኤን.ፒ.ኤል.ኤ.3 በሚባለው ጂን ላይ ያለ ትንሽ ልዩነት የጉበትን ስብ እንደሚያበዛ አገኙ። ልዩነቱ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ስለ ሆነ በደም ወይም በምራቅ ይመረመራል። ነገር ግን ከላቲን አሜሪካ ወገን በሆኑት ዘንድ የበዛ፥ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላው ቁመት የተሰፋ በርኖስ ለእኛ ልክ አይሆንም ማለት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በራሳችን ጉበት ላይ የተገኘው ነገር ነው። ኮዴይን የሚባለውን የሕመምና የሳል መድኃኒት ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ጉበት ነው፤ ይህንም የሚያዝዝ ጂን አለ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ጓደኞቻቸው 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ከመቶ 29 በሚሆኑት ላይ ይህ ጂን ተደራርቦ አገኙት። በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ጂኑ የተደራረበበት ሰው ኮዴይን ሲውጥ ሞርፊኑ በአንድ ጊዜ ይበዛበታል፤ ትንፋሽም ያደክማል፤ ሕፃን እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ከለከለ። እነዚያ 122 ሰዎች ለምርመራ እሺ ባይሉ ኖሮ ይህን ማን ያውቀው ነበር!

የሰባውን ጉበት ጂን በተመለከተ ግን፥ ወላጆቼ፥ አትደንግጡ። ምርመራው «ታመሃል» አይልም፤ «ታዘነብላለህ» ይላል እንጂ። ጂኑን የወረሰም ሰው ክብደቱን ሲቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል። ሐኪሞችም ምርመራውን ለሁሉ ሰው አያዝዙም፤ ሚዛን፥ የወገብ ልክና የደም ስኳር ይቀድማሉ። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የስኳር በሽታ ያለበት ወደ ደብረ ማርቆስ ለሕክምና ሲሄድ፥ ጉበቱም እንዲታይለት ሐኪሙን ይጠይቅ።